በበዓል ቀን ወደ ዋሻ፤ የቤተሰብ ጉዞና ገና ያልተመዘገበው የዓለት ሥዕል

በኢትዮጵያ ዋሻዎች የቅድመ ታሪክ ሰዎች የሣሏቸው ሥዕሎች መኖራቸው በሊቃውንት ዘንድ ከታወቀ ከዘጠና ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በገና፣ በጥምቀት ወይም በትንሣኤ ሰሞን ልጆቹን ይዞ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ የሚያስብ ቤተሰብ ከሚያማርጣቸው ሥፍራዎች መካከል ዋሻ ሲጠቀስ እምብዛም አይሰማም። ሐይቅ ይነሣል፣ ፍል ውኃ ይነሣል፣ ፏፏቴና ገዳም ይነሣሉ። ዋሻ ግን በብዙ ሰው አእምሮ የእረኛ መጠለያ፣ የጅብ ማደሪያ ወይም በክፉ ዘመን የአርበኛ መሸሸጊያ ነው። በዚህ አተያይ ምክንያት የሚቀረው የአንድ ቀን መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ለትንተና የሚበቃ ባልሆነ ነበር። የሚቀረው ግን ሥዕሉ ራሱ ነው፤ ማንም ሳያየው፣ በየትኛውም መዝገብ ላይ ሳይሰፍር፣ በጭስና በዝናብ ይደበዝዛል።

ጉዳዩን ወቅታዊ የሚያደርገው በቅርብ ዓመታት የታየው ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሪያድ ላይ በተካሄደው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በ2024 ደግሞ ኒው ዴልሂ ላይ የመልካ ቁንጡሬና የባልጪት ጥንታዊ ሥፍራዎች በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል መልካ ቁንጡሬ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የአንድ ቀን መንገድ ናት። በዚያ ከተገኙት ቅሪቶች ውስጥ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የእግር ዱካዎች አሉ፤ ከዱካዎቹም ከፊሎቹ የትንንሽ ልጆች ናቸው። በዚያ ጥንታዊ ዘመን አዋቂና ሕፃን በአንድ ኩሬ ዳር አብረው እንደዋሉ የሚመሰክር ጭቃ ከሀገራችን ውጭ ቢገኝ ኖሮ ምናልባት ልጆቻችን በመማሪያ መጽሐፋቸው ሥዕሉን እያዩ ያድጉ ነበር። አሁን በአንድ የበዓል ቀን በአካል ሄደው ሊያዩት ይችላሉ።

የዓለም ቅርስ መዝገብ ግን የጥቂት ሥፍራዎች መዝገብ ነው። ብዙው የቅድመ ታሪክ ቅርስ ያለው ማስታወቂያ በሌለባቸው ገደሎችና ሸለቆዎች ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የታወቁትን የዓለት ሥዕሎች ያነሣል፤ ቀጥሎም የታወቀ የዓለት ሥዕል በሌለበት አካባቢ፣ በደቡብ ጎንደር የእስቴ ማዕከል በሆነችው በመካነ ኢየሱስ፣ አንድ ቤተሰብ በበዓል ቀን ወደ ዋሻ ቢወጣ ምን ሊያገኝ እንደሚችልና ያገኘውን ለማን እንደሚናገር ይመረምራል። ክብደቱ በሁለተኛው ላይ ነው።

የታወቁት ዋሻዎች

በኢትዮጵያ የቅድመ ታሪክ ዋሻዎች ጉብኝት ሲነሣ ቀዳሚዋ ከተማ ድሬዳዋ ናት። ከከተማዋ በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኖራ ድንጋይ ገደል ላይ የሚገኘው ዋሻ በፈረንሳይኛ ስሙ ፖርክ ኤፒክ ይባላል፤ ጃርት ማለት ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ አንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርደን አዩት። በ1933 ፈረንሳዊው ቄስና የቅድመ ታሪክ ሊቅ አንሪ ብሩይ ከፖል ቨርነርት ጋር ቆፈሩት፤ በ1970ዎቹም ዴዝሞንድ ክላርክ የመሩት ቡድን ቁፋሮውን ቀጠለ። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ዋሻ ወለል ውስጥ የተገኘ አንድ ነገር ለልጆች ከማንኛውም ሥዕል በላይ የሚነግር ይመስለኛል። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከዋሻው 4,213 ቁራጭ ብረት አዘል ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር ወጥቷል፤ ጠቅላላ ክብደቱም ወደ 40 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ሰዎቹ ቀለሙን በድንጋይ ላይ ይፈጩት፣ ይፍቁት ነበር፤ ይህንንም ልማድ ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት ሳያቋርጡ ጠብቀዋል። ለማነጻጸር ያህል፣ ከአክሱም ሐውልቶች መቆም እስከ ዛሬ ያለው ዘመን የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ከዚህ የቀለም ክምችት እጅግ ዘግይተው የተሣሉ ናቸው፤ ደብዝዘዋልም። የፎቶግራፍ መጽሐፍ አይቶ የሚሄድ ጎብኚ ቅር ሊለው ይችላል። ታሪኩን የሚያስረዳ ሰው አብሮት ካለ ግን ወለሉም ይናገራል።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ለገ ኦዳ በሥዕሉ ብዛት ይበልጣል። ስሙ በኦሮምኛ የዋርካ ወንዝ እንደማለት ነው። በረጅሙ የዓለት ጥላ ሥር በቀይ፣ በጥቁር፣ በነጭ ቀለም የተሣሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የከብቶች፣ የሰዎችና የዱር እንስሳት ምስሎች ይገኛሉ፤ ፓቬል ቸርቪቼክ የተባሉት ተመራማሪ በ1971 በዝርዝር አሳትመዋቸዋል። ከብቶቹ የተሣሉበት መንገድ ልዩ ነው። አካላቸው ከጎን፣ ቀንዳቸው ግን ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ይሣላል፤ የላሞቹ ግት ጎልቶ ይወጣል። ሠዓሊው ከብት አርቢ እንደነበረ፣ ወተትም ከሀብቱ ሁሉ የሚበልጥበት እንደነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በጥንታዊዎቹ ሥዕሎች ላይ ያሉት ከብቶች ሻኛ የላቸውም። ዛሬ በእስቴም ሆነ በጋይንት ገበያ የሚቀርበው በሬ ሻኛውን አንግቶ የሚሄድ ነው። ሻኛ ያለው ከብት ከእስያ የመጣው በኋላ ዘመን በመሆኑ፣ የዓለት ሥዕሉ ከእኛ በሬ በፊት የነበረውን በሬ መዝግቦ አቆይቶናል ማለት ነው። በከብት ጥበቃ ያደገ የገጠር ልጅ ይህን ልዩነት ከከተማ ልጅ ቀድሞ እንደሚያይ አያጠራጥርም። ለዚህም ነው የዓለት ሥዕል ጉብኝት የከተማ ሰው መዝናኛ ብቻ ተደርጎ መታየት የሌለበት።

በደቡብ፣ በዲላ አካባቢ የሚገኘው ሸፔ ደግሞ ሥዕል ሳይሆን ቅርጽ ነው። በጠባብ የወንዝ ሸለቆ ቀጥ ባለ ዓለት ላይ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሻኛ የሌላቸው ከብቶች ተቀርጸው፣ እንደ አንድ መንጋ በአንድ አቅጣጫ ሲጓዙ ይታያሉ። በሰሜን በትግራይ፣ በምዕራብ በቤኒሻንጉል ጉሙዝም የዓለት ሥዕሎች ተጠንተዋል።

ማን አገኛቸው?

የሸፔ ቅርጾች በ1965 ለጥናት ዓለም የታወቁት በዲላ አካባቢ ያስተዳድሩ በነበሩ አንድ ፊታውራሪ አማካይነት ነው። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ ያጠኗቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባዋል፦ መጀመሪያ የአካባቢው ነዋሪ፣ ቀጥሎ አስተዳዳሪው፣ በመጨረሻ ሊቁ።

በሌላውም ዓለም የታየው ይኸው ነው። በሰሜን ስፔን የሚገኘውን የአልታሚራ ዋሻ ማርሴሊኖ ሳንስ ደ ሳውቱኦላ የተባሉ የአካባቢው ባለርስት በ1879 ሲመረምሩ፣ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነበር፤ የድንጋይ መሣሪያ ይፈልጉ ነበርና። አብራቸው የሄደችው የስምንት ዓመት ልጃቸው ማሪያ ግን ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ በጣሪያውም ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የተሣሉ ጎሾች ነበሩ። የዘመኑ ሊቃውንት ሥዕሉ የጥንት ሰው ሥራ መሆኑን አልተቀበሉም። እውነትነቱ በይፋ የታመነው በ1902 ሲሆን አባትየው ግን ከዚያ አሥራ አራት ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1888፣ አርፈው ነበር። በፈረንሳይ የላስኮን ዋሻ በ1940 ያገኙትም አራት ወጣቶች ናቸው።

ከእነዚህ ታሪኮች የሚወሰደው ቁም ነገር የልጆች ዓይን ፈጣን ነው የሚል ብቻ አይደለም። የቅድመ ታሪክ ሥዕል በብዛት የሚገኘው በዕቅድ በተመራ ጥናት ሳይሆን በአካባቢው በሚመላለስ ሰው አጋጣሚ ነው። ይህ ከሆነ፣ ተመራማሪ ብዙ ባልረገጠው አካባቢ ያለ ቤተሰብ፣ እረኛና ተማሪ የሀገሪቱ የቅርስ ቆጠራ አንድ አካል ነው። ይህን አካል በሥራ ላይ የማዋል ጉዳይ ነው ወደ መካነ ኢየሱስ የሚወስደን።

ከመካነ ኢየሱስ ሲታይ

መካነ ኢየሱስ ከጉና ተራራ በስተደቡብ ባለው ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሀገር፣ ማለትም እስቴ፣ ስማዳ፣ ላይና ታች ጋይንት፣ በጽሑፍና በዜማ ቅርስ የታወቀ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች ሁለቱ፣ ቤተልሔምና ቆማ፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አካባቢ ነው፤ ቤተልሔም ከጋይንት፣ ቆማ ከእስቴ። ወደ ዓባይ ሲወረድ ደግሞ በጌምድርን ከጎጃም ያገናኝ የነበረው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ አለ። ድልድዩ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ከተቆረጠ በኋላ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገርበት እንደነበረ የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም።

ይህ ሁሉ የሚያሳየው አካባቢው ቅርስን መጠበቅ የሚያውቅ መሆኑን ነው። አጠባበቁ ግን በአንድ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው፤ ዕቃ ቤት አለ፣ ቁልፍ ያዥ አለ፣ መጽሐፉ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ። በገደል ሥር ያለ ዋሻ ቁልፍ የለውም፤ ስለእርሱ የሚጠየቅም የለም። ስለዚህ ቅርስ ሲባል ጽላት፣ ብራና፣ መስቀልና ዘውድ ወደ አእምሮ ይመጣሉ እንጂ ቀይ ነጥብ ያለበት ድንጋይ አይመጣም።

በዚህ አካባቢ በስፋት የታወቀ የዓለት ሥዕል እስካሁን የለም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የመሬቱ አፈጣጠር ሊሆን ይችላል። ጉናን ጨምሮ ደጋው የቆመው ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲሆን፣ ከሥር ያለው ሰፊ የባዛልት ንጣፍ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የታወቁት የሀገራችን የዓለት ሥዕሎች በብዛት የሚገኙት ግን በኖራ ድንጋይ፣ በአሸዋ ድንጋይና በግራናይት ላይ ነው። ባዛልት ጥቁር ነው፣ ይሰነጠቃል፣ ይቀረፋል፤ የደጋው ዝናብም ከባድ ነው። ቢሣልበት እንኳ የመቆየት ዕድሉ ያንሳል። ነገር ግን ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ የሚወርዱት ጥልቅ ገደሎች ሌላ ዓለም ናቸው። ሙቀታቸው ይበልጣል፣ ዝናባቸው ያንሳል፣ ከዝናብ የተከለሉ የዓለት ጥላዎችም አሏቸው። በታችኛው የዓባይ ሸለቆ፣ በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል፣ ከባዛልቱ ሥር የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ገጦ እንደሚታይ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። ፍለጋ ቢጀመር ከደጋው ሜዳ ይልቅ ከእነዚህ ቆላማ ገደሎች መጀመሩ ተገቢ ነው የሚል እምነት አለን።

የሥዕል አለመታወቅ የዋሻ ታሪክ የለም ማለትም አይደለም። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባሉት አርኪዮሎጂስት ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፣ ላሊበላና ናጫቢየት የተባሉ ሁለት ዋሻዎችን ቆፍረው የመጀመሪያ ዘገባቸውን በ1970 አሳትመዋል። ስሙ ያሳስት ይሆናልና፣ ይህ ላሊበላ በላስታ ያለው አይደለም። ከላሊበላ ዋሻ ከወጡት ቅሪቶች መካከል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ የነበሩ የገብስ፣ የሽምብራና የሌሎች ጥራጥሬዎች ፍሬዎች ነበሩበት። በኢትዮጵያ ከተገኙት ጥንታዊ የእህል ቅሪቶች ተርታ የሚሰለፍ ግኝት ነው። የእስቴና የጋይንት ገበሬ ዛሬ የሚያመርተውን እህል 2,500 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ በአንድ ዋሻ አመድ ውስጥ ማግኘት ለአካባቢው ልጅ ከማንኛውም የሩቅ ሀገር ሥዕል የቀረበ ትምህርት ነው። ሆኖም ይህ ግኝት በውጭ ቋንቋ ከታተሙ ጥናቶች ወጥቶ ወደ ደቡብ ጎንደር መማሪያ ክፍሎች የገባ አይመስልም።

ተመሳሳይ ነገር በጎርጎራ ይታያል። ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከለሙት ሥፍራዎች አንዷ ናት፤ ጎብኚው ወደዚያ የሚሄደው ለጣና ነው። በዚያው በሐይቁ ዳር በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተቆፈረ፣ የድንጋይ መሣሪያዎቹ በታዋቂው ሉዊስ ሊኪ ተጠንተው በ1943 የታተሙ ጥንታዊ የዓለት መጠለያ መኖሩን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። መዝናኛው ከተሠራ በኋላ አንድ የማብራሪያ ሰሌዳና አንድ የሠለጠነ አስጎብኚ መጨመር ከግንባታው ወጪ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሕጉና የጎደለው ድልድይ

አንድ ቤተሰብ በእስቴ ገደል ሥር ሥዕል አየ እንበል። ከዚያ በኋላስ? ስለቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከበው ድረስ ሳይነካካ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ባለሥልጣኑም መርምሮ የመረከብና የመመዝገብ ግዴታ አለበት። በስድስት ወር ውስጥ ተገቢው እርምጃ ካልተወሰደ ያገኘው ሰው ለክልሉ አካል በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ነጻ ሊሆን ይችላል። ቅርሱን ላስረከበም ሰው ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጠውና ያወጣው ወጪ እንደሚተካለት ተደንግጓል። ያለ ፈቃድ መቆፈር ግን የተከለከለ ነው።

ድንጋጌው መልካም ነው፤ ሲነበብ ግን የተጻፈው በአመዛኙ በእጅ ሊያዝ የሚችል ነገር ታስቦ ነው። ገበሬ ሲያርስ ገንዘብ ወይም እንስራ ቢያገኝ ከቤቱ አኑሮ ስድስት ወር ሊጠብቅ ይችላል። የዓለት ሥዕልን ግን ማንም ከቤቱ አያኖረውም፤ ማንም አይረከበውም። ወሬው በተሰማ ማግሥት ሰው ይጎርፋል። አንዱ በከሰል ስሙን ይጽፋል፣ ሌላው ጥላ እንዲሆነው እሳት ያነድዳል፣ ሦስተኛው ወርቅ ተቀብሯል ብሎ ወለሉን ይቆፍራል። ዛሬ ደግሞ ፎቶግራፉ በማኅበራዊ ሚዲያ ከሰዓታት በኋላ በሺዎች እጅ ይገባል። ስለዚህ ለዓለት ሥዕል ወሳኙ ጊዜ ስድስት ወር ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀናት ናቸው።

በእነዚህ ቀናት ከአዲስ አበባ የሚደርስ ባለሙያ አይኖርም። ሊደርስ የሚችለው የቀበሌው አስተዳደርና የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። በመሆኑም ትኩረት የሚያሻው ሕዝቡን ከዋሻ ማራቅ አይደለም፤ የወረዳው ባለሙያ መረጃ ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ሥፍራውን መዝግቦ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በአቅራቢያ ካለ ነዋሪ ጋር የጥበቃ ስምምነት አድርጎ፣ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማሳወቅ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሥራው የማን እንደሆነ መታወቁን ነው። ሪፖርት አቅርቦ መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አያቀርብም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበውም ይኸው ነው።

ዋሻዎች ለጎብኚ ሲከፈቱ የሚደርሰውን ጉዳት በማንሣት መዘጋታቸውን የሚደግፉ ወገኖች አሉ። ክርክራቸው መሠረት የሌለው አይደለም። ላስኮ ለሕዝብ በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቀን እስከ 1,200 ሰው ይገባበት ስለነበር በትንፋሽና በሙቀት ምክንያት ሥዕሎቹ መበላሸት ጀመሩ፤ በ1963 ተዘጋ። ሕዝቡ ዛሬ የሚያየው ቅጂውን ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ የተከፈተውም በ1983 ነው። ይሁን እንጂ ላስኮ ከመሬት በታች የታፈነ ዋሻ ነው። የሀገራችን የዓለት ሥዕሎች በአብዛኛው ያሉት አየር በሚመላለስበት የዓለት ጥላ ሥር ነው። የእኛ ጠላት የጎብኚ ትንፋሽ ሳይሆን የጎብኚ እጅ ነው፤ ከዚያም የእረኛ እሳትና የከብት መታከክ። በር ዘግቶ ማራቅ እነዚህን አያስቀርም፤ በር የሌለውን ዓለት መዝጋትም አይቻልም። ከዋሻው አጠገብ የሚኖር ቤተሰብ ከጎብኚው ጥቂት ገቢ ቢያገኝ ግን ከማንኛውም አጥር የተሻለ ጠባቂ ይሆናል።

ቀኑን ስለማዋል

ወቅቱን በተመለከተ፣ በደቡብ ጎንደር ልጆች የሚወዱት የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ የሚውለው በክረምት መካከል በመሆኑ ለገደል ጉዞ አይመችም። ጭቃው፣ ሙላቱና የሚንሸራተተው ድንጋይ አደጋ አለው። ከመስቀል በኋላ እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የነበረው የጸጥታ ችግር የሰውን እንቅስቃሴ እንደገታ አይካድም። ስለዚህ ወደ ቆላው ለመውረድ ያሰበ ቤተሰብ ከቀበሌው አስተዳደር መረጃ ሳይጠይቅና የአካባቢውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሳይዝ ባይነሣ ይመረጣል። ዋሻው የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ወይም የጸሎት ሥፍራ ከሆነ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው፤ ባሕታዊ የሚጸልይበት ዋሻም ሊሆን ይችላል።

ልጆች ከመግባታቸው በፊት ዓይናቸው ጥላውን እስኪለምድ ጥቂት መቆም ይጠቅማል። ሥዕል ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት፣ ውኃ በማይወርድበት ገጽ ላይ ይቆያል፤ ከሰው ቁመት በላይም ሊሆን ይችላል። እንደ ማሪያ ቀና ማለት ያስፈልጋል። ያዩት ቀይ ምልክት የተፈጥሮ የብረት ዝገት ሊሆን ስለሚችል ቅርጽ እንዳለው፣ መስመሩ እንደሚደጋገም መመልከት ይገባል።

ሥዕሉ ደብዛዛ ቢሆን በውኃ አርሶ ለማጉላት መሞከር ከጉዳቶች ሁሉ የከፋው ነው። በሰሃራ ታሲሊ በ1950ዎቹ አንሪ ሎት የመሩት ቡድን ሥዕሎቹን ለመቅዳት በውኃ ያጥብ ነበር። ቀለሙ ለጊዜው ደመቀ፤ በኋላ ግን የቀደመ ድምቀቱን ያጣ ብዙ ነው። ውኃው ከዓለቱ ውስጥ ጨው ይስባል፣ ጨውም ሲደርቅ ቀለሙን ከገጹ ያላቅቀዋል። በጣት መንካት፣ በኖራ ወይም በከሰል ዳሩን ማስመር፣ ከወለሉ ድንጋይ አንሥቶ መውሰድም እንዲሁ ይከለከላል። ከወለሉ የተነሣ አንድ የድንጋይ ስለት የተገኘበት ቦታ ካልታወቀ ለተመራማሪ የሚሰጠው መረጃ እጅግ ያነሰ ነው። የገብሱም ፍሬ ዕድሜ የታወቀው የተገኘበት የአፈር ንብር ስለታወቀ ነው።

ፎቶግራፍ ሲነሣ መጀመሪያ ከሩቅ ገደሉን ከነዙሪያው፣ ቀጥሎ የዋሻውን አፍ፣ ከዚያ ሥዕሉን ያለ ፍላሽ ማንሣት ይበጃል። ለመጠን ማነጻጸሪያ እስክሪብቶ ወይም የክብሪት ቀፎ ከሥዕሉ አጠገብ በእጅ ይዞ፣ ግድግዳውን ሳያስነኩ፣ አንድ ተጨማሪ ፎቶግራፍ ይወሰዳል። ስልኩ የቦታ መጠቆሚያ ካለው ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ከሌለው የቀበሌው፣ የጎጡና የወንዙ ስም ይጻፋል። ዋሻውን የአካባቢው ሰው በምን ስም እንደሚጠራውም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ይህ መረጃ ለሕዝብ ከመለጠፉ በፊት ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በሁለት ቅጂ ይቀርባል፤ አንደኛው ላይ የተቀበለው ባለሙያ ፊርማ፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ተጽፎበት ለቤተሰቡ ይመለሳል።